ሽፍታው ሙሴ እንዴት አባ ሙሴ ሆነ?

በዚህ እትማችን የአንድ ትልቅ ሰው ሕይወት ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይህ ሰው ንጉሥ አልነበረም፤ የጦር አለቃም አልነበረም። ባሪያ ነበረ፤ ከዚያ ሌባና ሽፍታ ሆነ፤ በመጨረሻም መነኩሴና ቄስ ሆኖ አረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ጸሊም በግእዝ ጥቁር ማለት ነው።

የእርሱን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል አንድ መጥፎ ነገር ትቶ፣ ንስሐ ገብቶ፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያው ምኞት ተመልሶ ሲመጣበት የደነገጠ ይኖራል። የሰው ዕቃ ማንሣት ተውሁ ካለ በኋላ ዓይኑ የጎረቤቱን ጆንያ የሚያይ፣ ጠብ ተውሁ ካለ በኋላ ደሙ የሚፈላ፣ መጠጥ ተውሁ ካለ በኋላ ሽታው የሚጠራው ይኖራል። እንዲህ ያለው ልጅ ንስሐው ውሸት የነበረ ይመስለዋል። ከእንግዲህ አልለወጥም ብሎም ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ጭንቀት አባ ሙሴንም ይዞት ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡና እናንተው ፍረዱ።

ባሪያና ሽፍታ

ሙሴ የኖረው ከዛሬ 1600 ዓመት በፊት፣ በአራተኛው መቶ ዘመን፣ በግብፅ አገር ነው። የበረሃ አባቶችን ታሪክ በ420 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጻፈው ጳላድዮስ ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ መልኩም ጥቁር እንደ ነበረ ይነግረናል። በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። የዛሬዋ ሱዳንም የዛሬዋ ኢትዮጵያም በዚያ ስም ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ሙሴ ለእኛም፣ ላስጠጉን ሰዎችም ወገን ነው ማለት ይቻላል።

ሙሴ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ። ጌታው ግን ስርቆቱና ክፉ ጠባዩ ቢያስመርረው ከቤቱ አባረረው። ሙሴም ጉልበተኛና ቁመተ ረጅም ስለ ነበረ ወንበዴዎችን ሰብስቦ አለቃቸው ሆነ። መንገደኛ ይዘርፋል፤ ደም ማፍሰስንም አይፈራም ነበር።

በዚያ ዘመን ከሠራው ሥራ አንዱ ሳይረሳ እስከ ዛሬ ይነገራል። አንድ ሌሊት ሊዘርፍ በወጣበት ጊዜ የአንድ እረኛ ውሻ ጮኾ ነገሩን አበላሸበት። ሙሴም በእረኛው ላይ ቂም ያዘ፤ ሊገድለውም ቆረጠ። እረኛው ከመንጋው ጋር ከዓባይ ማዶ እንዳለ ሰማ። ወቅቱ ወንዙ የሞላበት ነበረ፤ ስፋቱም አንድ ማይል ያህል፣ ይኸውም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የማያንስ ሆኖ ነበር። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን ሲመጣ አይቶት ኖሮ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ተሸሸገ። ሙሴ ሰውየውን ቢያጣው ከመንጋው አራት ምርጥ አውራ በጎች አረደ። በገመድ አስሮ እየጎተተም ያንኑ ወንዝ ዋኝቶ ተመለሰ። የሥጋውን ምርጥ ምርጥ በላ፤ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጣበት።

ሐምዳይት ያላችሁ ተማሪዎች ይህ ውሃ ለእናንተ ባዕድ አይደለም። ከአገር ቤት ተከዜ ተብሎ የሚመጣው፣ እዚህ ሰቲት የምንለው ወንዝ ወርዶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። አትባራም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ክረምት ሲገባ ደፍርሶ በአጠገባችሁ የሚያልፈው ውሃ መንገዱ ወደ ግብፅ፣ ሙሴ ሰይፍ ነክሶ ወደ ዋኘበት ወንዝ ነው። ሰቲትን የተሻገረ ሰው ሙላት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከእናንተ ብዙዎቹ፣ ወይም አባትና እናቶቻችሁ፣ ይህን ወንዝ የተሻገራችሁት ነፍሳችሁን ለማትረፍ ነው። ሙሴ የተሻገረው የሰው ነፍስ ለማጥፋት ነበረ።

እስቲ የዚያን ሌሊት ምኞቱን አንድ በአንድ ተመልከቱ። መጀመሪያ የፈለገው ዝርፊያ ነበረ። ዝርፊያው ሲቀር በቀል ፈለገ። በቀሉ ሲያመልጠው ሥጋ ፈለገ። ሥጋው ሲያጠግበው ደግሞ ወይን አማረው። በአራቱም ጊዜ ልቡን ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም። ጉልበቱ ወንዝ ያሻግር ነበር እንጂ አንዱን ምኞት እንኳ ሊያስቆምለት አልቻለም። ብርቱ ሰው ይመስል ነበር፤ ግን እንደ አራቱ በጎች ታስሮ ሲጎተት ያደረ እርሱ ነበረ።

ወደ አስቄጥስ በረሃ

ስንክሳሩ እንደሚተርከው ሙሴ በዚያ ዘመን ፀሐይን ያመልክ ነበር። ነገር ግን ልቡ አላረፈም። ፀሐይን እየተመለከተ፣ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው ይለምናት ነበር። መልስ ግን አጣ። በመጨረሻም በአስቄጥስ በረሃ የሚኖሩ መነኰሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰማና ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ እነርሱ ሄደ።

አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው፣ በካይሮና በእስክንድርያ መካከል በስተ ምዕራብ ያለው በረሃ ነው። ታላቁ አባ መቃርስ በ330 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ መነኰሳት ተሰብስበውበት ነበር። ሙሴን መጀመሪያ ያገኙት ቄሱ አባ ኤስድሮስ ናቸው። ያን ግዙፍ ሰው ሰይፍ ታጥቆ ሲያዩት ደነገጡ። ሙሴ ግን የመጣው እውነተኛውን አምላክ እንዲያሳውቁት መሆኑን ነገራቸው። ወደ አባ መቃርስ ወሰዱት፤ ተማረ፤ ተጠመቀ፤ ቆይቶም መነኰሰ።

በበአቱ ሳለ አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ሊዘርፉት ገቡ። ሙሴ አራቱንም ያዛቸው፤ አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። እርሱ ከእንግዲህ ሰው መጉዳት እንደማይገባው ገልጦ፣ ምን ይደረጉ ሲል አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹ የያዛቸው ያ ስሙ የተፈራው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ተገረሙ። እርሱን የመሰለ ሽፍታ ለእግዚአብሔር ከተገዛ እኛስ ምን እንጠብቃለን ብለው እነርሱም መነኰሱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን አላለቀም።

ገዳም ገብቶም ያልተወው ምኞት

ሙሴ ሰይፉን ጥሏል፤ ልቡ ግን የለመደውን አልጣለም። የዝሙት ጾር ተነሣበት። ቀን በአሳብ፣ ሌሊት በሕልም ያቃጥለው ጀመር። ሊቋቋመው ቢያቅተው ከበአቱ ወጥቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደና ሁሉን ነገራቸው። ይህን ልብ በሉ። ትናንት ስሙ ሲነሣ ሰው የሚሸሸው ሽፍታ ዛሬ በአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ድካሙን ይናገራል። ወንዝ ከመዋኘት ይልቅ ይህ ሳይከብድ አይቀርም።

አባ ኤስድሮስ አልተቆጡትም። ወደ በአቱ እንዲመለስ መከሩት፤ እርሱ ግን አልችልም አለ። ያን ጊዜ ወደ ሰገነት ይዘውት ወጡ። ወደ ምዕራብ እንዲመለከት ነገሩት፤ ለጦርነት የተሰለፉ ብዙ አጋንንት አየ። ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት ነገሩት፤ በክብር የቆሙ እጅግ የበዙ መላእክት አየ። ከሚዋጉት ይልቅ የሚረዱት እንደሚበዙ አስረዱት። ሙሴም ተበረታቶ ወደ በአቱ ተመለሰ።

ቢሆንም ምኞቱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ሙሴ ሥጋዬን ላድክመው ብሎ ምግቡን ቀነሰ። መቁነኑ፣ ማለትም ለመነኩሴ በየቀኑ ተመዝኖ የሚሰጠው፣ እኛ ራሽን እንደምንለው ያለው ምግብ፣ ከደረቅ ዳቦ 12 ወቄት ብቻ ሆነ፤ በዛሬ ሚዛን ሦስት መቶ ግራም ያህል ነው። ቀን ሲሠራ ይውላል፤ በየቀኑም 50 ጊዜ ይጸልይ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሕልሙ አልተወውም። ቀጥሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሞ እየጸለየ፣ ዓይኑን ሳይከድን ማደር ጀመረ። አሁንም አልተወውም።

የሌሊቱ ውሃ

ከዚህ በኋላ ሙሴ ሌላ ነገር አሰበ። በአስቄጥስ ውሃ ሩቅ ነበረ። ከአንዳንዱ በአት ሁለት ማይል፣ ከአንዳንዱ አምስት ማይል ያስኬዳል፤ ቅርብ የተባለውም ግማሽ ማይል ነው። መሸከም ያቃታቸው ሽማግሌዎች መነኰሳት ነበሩ። ሙሴ ሌሊት ተነሥቶ ወደ በአታቸው እየሄደ፣ ሳያውቁበት ማድጋቸውን አንሥቶ፣ ከጉድጓድ ሞልቶ፣ በቦታው እያስቀመጠ ይመለስ ጀመር። ሽማግሌው ጠዋት ሲነሡ ማድጋቸውን ሞልቶ ያገኙታል።

ተማሪዎች፣ ውሃ መቅዳት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ጀሪካን ይዞ መሰለፍን፣ ተሸክሞ መመለስን ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የሙሴን ሥራ ከቀድሞው ጋር አስተያዩት። ሌሊቱ ያው ሌሊት ነው፤ በፊት ሊዘርፍ ይወጣበት ነበር። ጉልበቱም ያው ጉልበት ነው፤ በፊት በግ ይጎትትበት ነበር። ሰው ሳያውቅበት ደጅ መቅረብም ያው የሌባ ሙያ ነው። በፊት ሳይታይ ይወስድ ነበር፤ አሁን ሳይታይ ይሰጣል። እግዚአብሔር የሙሴን ጉልበት አላጠፋውም፤ መንገዱን ለወጠለት እንጂ።

አንድ ሌሊት ግን በጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ ሲቀዳ ሰይጣን ወገቡን በዱላ መታው። እንደ ሞተ ሰው ወደቀ። በማግሥቱ ውሃ ሊቀዳ የመጣ መነኩሴ አገኘውና ለአባ ኤስድሮስ ነገራቸው፤ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። አንድ ዓመት ያህል ታመመ።

አባ ኤስድሮስም ከአጋንንት ጋር በጉልበት መታገሉን እንዲያቆም መከሩት፤ ጀግንነትም ልክ እንዳለው ነገሩት። ሙሴ ግን ሕልሙ ሳይተወኝ አልተውም አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከእንግዲህ እንደማይመለስ አረጋገጡለት። ያለ ፍርሃት ቀርቦ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበልም አዘዙት። ይህ ሁሉ የደረሰበት በራሴ ኃይል አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ መሆኑንም ገለጡለት። ሙሴ ወደ በአቱ ተመለሰ። ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አባ ኤስድሮስ ቢጠይቁት ምኞቱ እንደ ተወው መሰከረ።

ከዚህ የምንማረው ጾምና ጸሎት፣ ትጋትም ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ያለ እነርሱ ሙሴ እዚያ አይደርስም ነበር። ነገር ግን የዓባይን ሙላት በክንዱ እንደ ዋኘ ሁሉ ምኞቱንም በክንዱ ብቻ ሊሻገረው ፈልጎ ነበር። በዚያ የመጨረሻ ምኞት ውስጥ ኩራት ተሸሽጎ እንደ ነበረ ያዩት መካሪው ናቸው። ከራሳችን የተሸሸገውን ሌላ ሰው ያይልናል፤ ለንስሐ አባት ወይም ለታመነ ታላቅ ሰው መናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ቍጣና ዝና

ሥጋዊው ጾር ከተወው በኋላ ሌሎች ፈተናዎች መጡበት። አንድ ጊዜ በአስቄጥስ በተደረገ ጉባኤ ላይ አባቶች ሊፈትኑት ፈልገው ይህ ጥቁር ሰው ከእኛ መካከል ምን ያደርጋል የሚል የንቀት ቃል ተናገሩት። ዝም አለ። ከጉባኤው በኋላ አልተናደደ እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም ልቡ እንደ ታወከ፣ ነገር ግን እንዳልተናገረ አልሸሸገም። ይህ ታላቅ ቅንነት ነው። አልተናደድሁም ብሎ አልዋሸም። ቍጣውን አየው፤ ስሙን ጠራው፤ ግን አልታዘዘለትም። ሰውን በመልኩ ወይም በስደቱ መናቅ ኃጢአት ነው፤ የሙሴ ትዕግሥት ስድቡን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን የተሰደበ ሰው የተሳዳቢው ባሪያ እንዳይሆን ያስተምራል።

ዝናው በወጣ ጊዜ ደግሞ አንድ ሹም ሊያየው መጣ። ሙሴ ሰምቶ ሲሸሽ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሹሙም ሳያውቀው የአባ ሙሴ በአት የት እንደ ሆነ ጠየቀው። እርሱም ያ ሙሴ ሞኝ ስለ ሆነ መድከም እንደማያስፈልግ ነግሮ አሳለፈው። ሹሙ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው መልክ ሲናገር ያ ረጅም፣ ጥቁር፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ራሱ ሙሴ እንደ ነበረ ተረዳ። የመመስገን ምኞትም ምኞት ነው። ሙሴ ከእርሱም ሸሸ።

ራሱን እንዲህ የመረመረ ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ ሙሴን ጠሩት፤ እንቢ አለ። ደግመው ላኩበት። ተነሥቶ የተነደለ ማድጋ ውሃ ሞላና ተሸክሞ መጣ። ውሃው ከበስተ ኋላው ይንጠባጠባል። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፣ ያም ሆኖ በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ አስረዳቸው። ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

በሌላ ጊዜ ደግሞ በአስቄጥስ ሳምንቱን እንዲጾሙ ታዝዞ ሳለ እንግዶች ወደ ሙሴ መጡ። ጥቂት ምግብ አበሰለላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ትእዛዝ ሻረ ብለው ከሰሱት። ቅዳሜ በተሰበሰቡ ጊዜ ግን የሕይወቱን ጽናት የሚያውቁት አባቶች በሁሉ ፊት አመሰገኑት፤ የሰውን ትእዛዝ ቢተው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ መሰከሩለት። ያ ድስት የተጣደው ለሙሴ ሆድ አልነበረም። አንዱ ሥራ ከምን ምኞት እንደ ተነሣ ካልተመረመረ በጢሱ ብቻ አይፈረድም።

የመጨረሻው ቀን

ሙሴ ቅስና ተቀበለ። 75 ዓመት ሲሞላው በረበሮች አስቄጥስን ሊወርሩ መምጣታቸው ተሰማ። ዘመኑ 407 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነበረ። ሙሴ ወንድሞች እንዲሸሹ መከራቸው። እርሱ ግን አልሸሽም አለ። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረውን አስቦ ይህን ቀን ለብዙ ዓመት ሲጠብቅ እንደ ኖረ ገለጠላቸው። አብረውት ለመቅረት የወደዱ ነበሩ፤ ወራሪዎቹም ደርሰው ገደሏቸው። ከዘንባባ ገመድ ክምር ኋላ ተሸሽጎ ያየ አንድ ወንድም ሰባት አክሊል ከሰማይ ሲወርድ አየ ይባላል።

ሙሴ ሲያርፍ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ ነበር። አጽሙ ከመምህሩ ከአባ ኤስድሮስ አጽም ጋር በዋዲ ናትሩን በብራሞስ ገዳም ይገኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ ተማሪዎች፣ ምኞት ተመልሶ መጣብኝ ብላችሁ አትደንግጡ። የምኞት መምጣት ንስሐችሁን ውሸት አያደርገውም። ሙሴ ሰይፉን ከጣለ በኋላ ስንት ዓመት ታግሏል! ይልቅስ ሲመጣ ያዙትና መርምሩት። ከየት መጣ? ከረሀብ ነው፣ ከቂም ነው፣ ከብቸኝነት ነው ወይስ ጓደኛ ፊት ላለማነስ? ብታዘዝለትስ ነገ ወዴት ይወስደኛል? ረሀብ ከሆነ ኃጢአት አይደለም፤ ለታላላቆቻችሁ ተናገሩ። ቂም ከሆነ ሳይመሽ ለሽማግሌ ተናገሩት። ብቻችሁን ይዛችሁት አትደሩ።

ሌላው ደግሞ ለእጃችሁ ሥራ ስጡት። በጎረቤታችሁ ውሃ መሸከም ያቃታቸው አሮጊት ወይም የታመመ ሰው ካለ ማንም ሳያይ ጀሪካናቸውን ሞልታችሁ ከደጃቸው አስቀምጡ። ማን እንደ ሞላው ቢጠይቁም ዝም በሉ። ሙሴ የጀመረው ከዚያ ነው።